ደህናው መንገድ ይቅደም

እሑድ ጠዋት የሰንበቴ ገበያ በእግረኛውም፣ በግመሉም፣ በአህያውም፣ በባጃጁም፣ በአይሱዙውም ይሞላል። ደገኛው ከምዕራቡ ተራራ ገብሱንና ባቄላውን ይዞ ይወርዳል፤ አፋሩ ከምሥራቁ ቆላ ፍየሉንና ግመሉን እየነዳ ይመጣል፤ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ገበሬ ማሾውን፣ ማሽላውንና ሽንኩርቱን ያራግፋል። ቅዳሜ ማታ ከባድ ዝናብ ከጣለ ግን ከገበያው የሚቀር ሰው አለ። ያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ የመንገዱ ርዝመት አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ሁለት መቶ ሜትር የማይሞላ የመረሬ አፈር ይኖራል። ሌላ ቦታ ላይ አፉ በደለል የተደፈነ ቱቦ ይኖራል፤ ውሃው መሄጃ ሲያጣ መንገዱን መንገዱ ያደርገዋል። ከዚያ ወዲህም ወዲያም ያለው መንገድ ያስኬዳል።

ከገበያው የቀረው ሰው «መንገዳችን ይሠራልን» ብሎ ሲያመለክት የሚያገኘው መልስ በአገሪቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የመንገዱ ሙሉ ርዝመት ይለካል፤ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሮ፣ ገረጋንቲ ተነጥፎ፣ በሮለር ተዳምጦ እንደ አዲስ እንዲሠራ ይታቀዳል፤ ዋጋው ይሰላል፤ ብሩ አይበቃም፤ መንገዱ ተራ ይጠብቃል። ተራው የሚወሰንበት ሕግም የታወቀ ነው፦ ከሁሉ የባሰበት ይቅደም።

ሕጉ ማንም የማይቃወመው ይመስላል። ሐኪም ቤት እንኳ የከፋው በሽተኛ ይቀድማል። የምክር ቤት አባል «የእኔ ቀበሌ መንገድ ከሁሉ የተበላሸ ነው» ብሎ ሲነሣ «ስለዚህ መጨረሻ ላይ ይሁን» የሚል ደፋር የለም። ሆኖም ገንዘብ ባነሰበት ቦታ ሁሉ የገጠርን መንገድ የሚጨርሰው ይኸው ደግ የሚመስል ሕግ ነው።

ነገሩ የሚሳሳተው ከምሳሌው ነው። በሽተኛ ካልታከመ ይሞታል፤ የፈረሰ መንገድ ግን ከዚህ በላይ አይፈርስም። ጠጠሩ ታጥቦ አልቆ፣ ቦዩ ጠፍቶ፣ አፈሩ በጎርፍ ተሰንጥቆ ከሆነ ዘንድሮ ቢሠራም የዛሬ ሁለት ዓመት ቢሠራም ሥራው ያው ከመሠረቱ መሥራት ነው። መዘግየቱ ሕዝቡን ይጎዳል፤ የሥራውን መጠን ግን እምብዛም አይጨምርም። በየቀኑ ዋጋው እየናረ የሚሄደው ገና ደህና የሆነው መንገድ ነው። ያ መንገድ ዛሬ የሚፈልገው አካፋ፣ ዶማና የግሬደር አንድ ዙር ነው። ሁለት ክረምት ከታለፈ ግን አዲስ ጠጠር ይጠይቃል። አምስት ከታለፈ ከፈረሰው ጋር አብሮ ይሰለፋል።

የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የመንገዶች ኤጀንሲ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። በጊዜው ያልተጠገነ መንገድ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚጠይቀው ወጪ 6 እጥፍ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 18 እጥፍ ነው። ስሌቱ የወጣው ለአስፋልት ቢሆንም ለጠጠር መንገድ ሰዓቱ ይፈጥናል እንጂ አይዘገይም። የዓለም ባንክም እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጥናት 85 ታዳጊ አገሮችን ተመልክቶ ነበር። በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በጥገና ጉድለት 45 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ መንገድ እንደጠፋና ይህን ለማዳን ከ12 ቢሊዮን ዶላር ያነሰ የቅድሚያ ጥገና ይበቃ እንደነበር ጽፏል።

አሁን አንድ ወረዳ ይታሰብ። ለምሳሌ ያህል 20 ኪሎ ሜትር ደህና፣ 20 ኪሎ ሜትር መካከለኛ፣ 20 ኪሎ ሜትር ደግሞ የፈረሰ መንገድ አለው እንበል። ደህናውን አንድ ኪሎ ሜትር ለመጠበቅ 1 ብር፣ መካከለኛውን ለመጠገን 6፣ የፈረሰውን መልሶ ለመሥራት 18 ብር ይፈጃል፤ በእጅ ያለው 100 ብር ነው። «የባሰበት ይቅደም» ባዩ ኃላፊ በ90 ብር 5 ኪሎ ሜትር ይሠራል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ፎቶ ይነሣል። በዚያው ሰዓት ያልተነካው 20 ኪሎ ሜትር ደህና መንገድ ሦስት ዓመት እንዲሁ ከከረመ በ20 ብር ይጠበቅ የነበረው 120 ብር፣ አምስት ዓመት ከከረመ 360 ብር ይጠይቃል። ኃላፊው 5 ኪሎ ሜትር አተረፍኩ ብሎ 20 ኪሎ ሜትር ከስሯል፤ ኪሳራው ግን በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይወጣም።

ሌላው ኃላፊ በ20 ብር ደህናውን በሙሉ ይጠብቃል። በ48 ብር መካከለኛውን 8 ኪሎ ሜትር ይጠግናል። የቀረውን 32 ብር የፈረሰው መንገድ በሚቆረጥባቸው ነጥቦች ላይ ብቻ ያውለዋል፤ እዚህ ቱቦ፣ እዚያ የድንጋይ ንጣፍ፣ እዚያ ማዶ የመረሬው ሙሌት። ሪባን የሚቆረጥበት ነገር የለውም። ወረዳው ግን በዓመቱ መጨረሻ ከጀመረበት የተሻለ መንገድ ይዞ ይቆያል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የመንገድ ባለሥልጣን በአገሪቱ የለም። በንግግር መክፈቻ ላይ ይጠቀሳል፤ በበጀት ሠንጠረዥ ላይ ግን ቅጠሉ ይሰረዝና ገንዘቡ ለተቃጠለው ይሰጣል።

የኢትዮጵያ የመንገድ ታሪክ በአብዛኛው የመሥራት ታሪክ ነው፤ የመጠበቅ ታሪኩ አጭር ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም ከዋና ሥራው አንዱ ጣሊያን ሠርቶ የሄደውንና በጥገና እጦት የተጎዳውን መንገድ ማዳን ነበር። በሰንበቴ መሐል የሚያልፈው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድም ከዚያ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላም ብዙ መንገድ ተሠርቶ ብዙ መንገድ ጠፋ። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር አገሪቱ የነበራት 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከዚያ ውስጥ በደህና ይዞታ ላይ የተገኘው 22 በመቶ ብቻ ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1989 ዓ.ም.፣ የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66 ተቋቋመ፤ በዋናነት ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና እንዲውል ተደነገገ። ከመንገድ ሕጎች ሁሉ አስተዋዩ ይኸ ነበር።

ከዚያ የግንባታው ማዕበል መጣ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ በአጭሩ ዩራፕ፣ ሁሉንም ቀበሌዎች ለማገናኘት በአምስት ዓመት ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ለመሥራት አቀደ። ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ባይሳካም እ.ኤ.አ. በ2015 የአገሪቱ መንገድ 110 ሺህ ኪሎ ሜትር አለፈ፤ በ18 ዓመት ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ብዙ ቀበሌ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና አየ፤ ብዙ እናት በቃሬዛ ከመወሰድ ዳነች። ይህን ማንም ሊያንቋሽሸው አይገባም። ነገር ግን ከእነዚያ መንገዶች ብዙዎቹ ድልድይና ቱቦ በበቂ ሳይሠራላቸው ተከፍተዋል። መንገዱ ለወረዳው ሲተላለፍ ግሬደሩ፣ መሐንዲሱና ነዳጁ አብረውት አልተላለፉም። ዛሬ «የፈረሰ» ተብሎ ተራ ከሚጠብቀው መንገድ ብዙው ያኔ ሪባን የተቆረጠለት ነው።

ሰንበቴ በምትገኝበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ይህ ሂሳብ ከሌላው ቦታ ይብሳል፤ ምክንያቱ መልክዓ ምድሩ ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ያለው ሸለቆ ከምዕራቡ ተራራ ግርጌ የተዘረጋ ነው። ጀውሃ፣ አጣዬ፣ ጃራና ቦርከና ከደጋው ተወርውረው ይወርዳሉ፤ የሚሄዱት ወደ አዋሽ ነው፤ መንገዱም የሚሄደው ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ ውሃና መንገድ እዚህ አገር ጎን ለጎን አይሄዱም፤ ይቋረጣሉ። ተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ ሸለቆው ፀሐያማ ሆኖ ሳለ በጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ሜዳው ደግሞ፣ በተለይ ወደ ጨፋ ረግረግ ሲቀርቡ፣ ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ መረሬ ነው። ምድሩ ራሱም እርጋታ የለውም፤ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሶ ዋናውን መንገድ በብዙ ኪሎ ሜትር ርዝመት ሰነጣጥቆት ነበር።

በእንዲህ ያለ ቦታ መንገድን የሚገድለው ጎማ ሳይሆን ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ የሚያጠቃበትን ቦታ ይመርጣል። ከአሥር ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚያጠቃው አንድ ኪሎ ሜትር ላይሞላ ይችላል። የተደፈነ ቱቦ፣ የጠፋ ቦይ፣ መሐሉ ጎድጉዶ ውሃ የሚያቁር መንገድ፣ ከእርሻው በታች የወረደ ጎዳና፤ በሽታው ይህ ነው። ለዚህ በሽታ አሥሩንም ኪሎ ሜትር ገረጋንቲ ማልበስ እግሩ የተሰበረውን ሰው ካፖርት እንደማልበስ ይሆናል።

ገረጋንቲ ራሱ ርካሽ አለመሆኑም ይረሳል። ብዙ መኪና በሚሄድበትና ዝናብ በሚበዛበት የጠጠር መንገድ በዓመት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት በአቧራና በጎርፍ ሊሄድ ይችላል። ስድስት ሜትር ስፋት ላለው መንገድ 30 ሚሊ ሜትር ማለት በኪሎ ሜትር 180 ሜትር ኩብ ነው፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ ከ11 ምልልስ በላይ ይሆናል፤ ይህ ለአንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ዓመት ነው። በዚህ አካሄድ 15 ሳንቲ ሜትር ተነጥፎ የተመረቀ መንገድ በአምስት ዓመት ተራቁቶ ይቀራል። ገረጋንቲው የሚወጣበት ኮረብታ በየጊዜው እየራቀ ይሄዳል። የሚያመላልሰው ገልባጭም በመንገዱ ላይ ደህና የነበረውን ቦታ እየረገጠ ነው የሚያልፈው።

እዚህ ላይ ሁለተኛው የተለመደ አስተሳሰብ ብቅ ይላል፦ እንግዲያው አስፋልት ይሁን፤ አስፋልት ካልሆነ መንገድ አይባልም። ይህ የመጀመሪያው ስህተት ታላቅ ወንድም ነው። ጥያቄው «አስፋልት ወይስ ጠጠር» ተብሎ ሲቀርብ መልሱ ሁልጊዜ «ሁለቱም አልተቻለም» ይሆናል። የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የአነስተኛ ትራፊክ መንገዶች የዲዛይን ማንዋል ሌላ መውጫ አሳይቷል። ትራፊክ የሚያንስበት መንገድ እንደ ዋናው ጎዳና አይታሰብም፤ አንድ መንገድም ከዳር እስከ ዳር አንድ ልብስ ይልበስ የሚል ግዴታ የለም። ዳገቱ ላይ ድንጋይ፣ መንደሩ መሐል አቧራውን የሚያስቀር ስስ የሬንጅና የጠጠር ልባስ፣ ሜዳው ላይ በደንብ የተከደነና ቦይ ያለው ጠጠር ሊሆን ይችላል። የአገሪቱ ከተሞች ኮብልስቶን መጥረብና ማንጠፍ የሚችሉ ወጣቶችን በሺዎች አሠልጥነዋል፤ ያ ሙያ ለዳገትና ለወንዝ መሻገሪያም ይሆናል።

ቆፍሮ እንደ አዲስ የመሥራት ልማድም መመርመር አለበት። ለዐሥርት ዓመታት ሰው፣ ከብትና መኪና የረገጠው መንገድ ውስጡ ጠንክሯል፤ ያ ጥንካሬ ገንዘብ ነው። ይህን ለማወቅ ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። 8 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ57.5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ ሹል ጫፍ ያለውን ብረት ወደ መሬት ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሰመጠ ይመዘገባል። መሣሪያውን ሁለት ሦስት ሰው ይዞት ይዞራል፤ የመንገዱን ውስጥ እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያነባል። የጠነከረው ቦታ እንዳለ ይተዋል፤ የላላው ብቻ ይጠገናል። ይህን ሳይለኩ ግሬደር አስገብቶ ሁሉንም መገልበጥ ነዳጅ ገዝቶ ያለን ሀብት ማጥፋት ነው።

ተቃዋሚው አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለው፤ እሱም ፍትሕ ነው። ደህና መንገድ ያለው ለከተማ የቀረበው ነው፤ የፈረሰበት የሩቁና የድሃው ነው፤ «ደህናው ይቅደም» ማለት ላለው መጨመር ነው ይላል። ክርክሩ ከልብ የመነጨ ነው፤ በተለይ በዚህ ዞን። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት በወረደበት አካባቢ ከሁሉ ቀድሞ የሚቆረጠውና ከሁሉ ዘግይቶ የሚታየው ገጠሩ ነው።

ሆኖም የሩቁ ሰው የቅርቡንም መንገድ ይረግጣል፤ የቅርቡ ሰው የሩቁን አይረግጥም። ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚገባው የመጨረሻው አምስት ኪሎ ሜትር የሁሉም ቀበሌ መንገድ ነው፤ እሱ ከፈረሰ ጫፍ ላይ የተሠራው አዲስ መንገድ የትም አያደርስም። ከዚህም ሌላ በ18 ብሩ ስሌት ከተቆረጡት ቀበሌዎች የሚደረሰው ጥቂቱ ብቻ ነው። ለጥቂቶቹ ሙሉ መንገድ ሰጥቶ የቀሩትን «ጠብቁ» ማለት ፍትሕ አይባልም። ለሁሉም ዝናብ የማይቆርጠው መተላለፊያ መስጠት ይሻላል፤ መንገዱ ኮረኮንች ይሁን፣ ያንገጫግጭ፤ አምቡላንስ ይግባበት፣ ማሾው ይውጣበት። ስለዚህ የፈረሰው መንገድ ድርሻ በቁርጥ ይወሰንለት፤ ሢሶው በሕግ የእሱ ይሁን። ድርሻው የሚውለው ግን በነጥቦቹ ላይ እንጂ በኪሎ ሜትሩ ላይ አይሁን።

ሌሎች አገሮች ከዚህ ችግር የወጡት የበለጠ ገንዘብ አግኝተው ብቻ አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 በጀመረችው የገጠር መንገድ ፕሮግራም መንገዱን የሠራው ተቋራጭ አምስት ዓመት እንዲጠግነው በውሉ ውስጥ አስገባች። ፔሩ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመንደሩን ሰዎች በአነስተኛ ማኅበር አደራጅታ መደበኛውን ጥገና ሰጠቻቸው፤ ክፍያቸው ከመንገዱ ይዞታ ጋር የተያያዘ ነበር። ካሜሩንና ቡርኪና ፋሶ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ከባድ መኪና በጠጠር መንገድ ላይ ለጥቂት ሰዓት እንዳያልፍ ኬላ ይዘጋሉ፤ ወጪው ግንድና ዘበኛ ነው። በአማራ ክልልም ሕዝቡ በየዓመቱ በበጋ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። ያ ጉልበት በከፊል ከመንገዱ በላይ ያለውን ተዳፋት ቢይዝ፣ የቱቦውንም ውሃ ወደ እርሻና ኩሬ ቢመልሰው መንገዱም ማሳውም ይጠቀማሉ። በትግራይና በአማራ የመንገድን ውሃ የመያዝ ሥራ ተሞክሮ ታይቷል።

ሌላው ችግር ጊዜ ነው። በጀቱ ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል፤ ያኔ ዝናቡ ቱቦውን መድፈን ጀምሯል። ጨረታው በመጸው ይወጣል፤ ሥራው በበጋ ይጀመራል፤ ገንዘቡ እንዳይመለስ ተብሎ በሰኔ ጭቃ ላይ ጠጠር ይፈስሳል። ሰንበቴ ደግሞ በልግም ክረምትም የሚያገኛት አገር ናት፤ ቱቦና ቦይ ከየካቲት በፊት አንዴ፣ ከሰኔ በፊት ደግሞ አንዴ መጠረግ አለባቸው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከሁሉ ያነሰ ነው፤ በሰዓቱ የማይገኘውም እሱ ነው።

የወረዳ ምክር ቤት አባላት የሚቀጥለው ዓመት የመንገድ ዕቅድ ሲቀርብላቸው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሠራ ከመጠየቃቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ዛሬ ደህና የሆነው የትኛው ነው፣ እሱን ለመጠበቅ ስንት ተመደበ? እያንዳንዱ የፈረሰ መንገድ የሚቆረጠው የት የት ቦታ ላይ ነው? ቱቦዎቹንስ ማን፣ በየትኛው ወር ይጠርጋል? መልሱ በጽሑፍ፣ በዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ካልተገኘ ዕቅዱን ሳያጸድቁ ይመልሱት።